ማዕዘን ፈላጊው ሣጥን

ሐዋ ቤቷን ጥላ የወጣችው ሐሙስ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረችበትን ቤት ጠረገች፣ ረመጡን ዳፈነች፣ የባሏን ምሳ ከደነች፣ ልብሷን በነጠላ ቋጠረች፤ ከዚያ ደጋን ገጠር ወዳለው ወንድሟ ቤት ለመሄድ ተነሣች። የተጣላ ሰው ምሳ ከድኖ አይሄድም። ሐዋም የተጣላች አልነበረችም፤ ደክሟት ነበር።

ባሏ ሀምዱ አናጢ ነው። ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ እሱ ያልገጠመው በር፣ እሱ ያላቃናው መስኮት ብርቅ ነው። ስለ እጁ ክፉ የሚናገር አልነበረም። ስለ አፉ ግን ጣሊያን ከተማዋን ከያዘ ወዲህ ሌላ ወሬ ይወራ ጀመር፤ ጣሊያንን በዚህ እንኳ አንወቅሰውም፣ ጊዜው ገጠመ እንጂ። "ሐዋ፣ ውሃ አለ ወይ?" ሲል ሦስት ግቢ አልፎ ይሰማል። "ሐዋ፣ ዶሮዎቹ ገቡ?" ሲል መንገደኛ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ጎረቤቱ ሁሉ "ይሄ ሰው በስተርጅና ምን ነካው?" ይል ነበር። ሰው መቼም በሰው ትዳር ላይ ለመፍረድ አይሰንፍም።

የሐዋ ጆሮ እየደከመ መሆኑን ግን አንዱም አላስተዋለም፤ እሷ ደብቃዋለቻ። ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ትነቀንቃለች፣ ጥያቄ የመሰላትን ነገር ሁሉ "አልሀምዱሊላህ" ብላ ታልፈዋለች። መደበቅ ያቃታት ከባሏ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ያገኘው መድኃኒት መጮህ ሆነ። በጆሮዋ ሥር ሆኖ ሲያወራት የሚሰማት ትንፋሽ እንጂ ቃል አልነበረም።

የሄደች ለት መሥሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ ቋጠሮዋን በክንዷ ይዛ እንዲህ አለችው።

"አያ ሀምዱ፣ የምትለውን አልሰማውም። ፊትህን ግን አየዋለሁ። ፊትህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆጣኝ ከረመ። እኔም ሰው ነኝ፣ በቃኝ።"

"አልተቆጣሁሽም" አላት ሀምዱ። እንድትሰማው ብሎ ጮሆ ነው ያላት። ሐዋ ፊቱን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሄደች።

በነጋታው ሀምዱ ብቻውን ነበር። አንድ የፒያሳ ደንበኛ ፍሬም እንዲያበጅለት የሰጠው ትልቅ መስታወት ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሀምዱ ፊት ለፊቱ ቆመና ግራ ቀኝ አይቶ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጮሆ "ሐዋ፣ ነይ እንብላ" አለ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ቅንድቡ ተጋጠመ፣ ጥርሱ ወጣ። ያ ሰውዬ ሚስቱን ለምሳ እየጠራ ነው ቢሉት ሀምዱ ራሱ አያምንም ነበር። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞረውና የእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን ፊት ነው ያሳየኋት፣ አለ በልቡ፤ ዓይኑ በእንባ ሞላ።

"ወላሂ፣ ከእንግዲህ አልጮህባትም" ብሎ ማለ።

መማሉ ጥሩ ነው፤ ግን መላው ጠፋው። ካልጮኸ ጭራሽ አትሰማም። ሚስት አኩርፋ ዘመዶቿ ዘንድ ስትገባ ደንቡ የታወቀ ነው። ባል ሦስት ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌዎቹ የለዘበ ነገር ይናገራሉ፣ እሷ ጓዳ ሆና ትሰማለች፣ ቀስ በቀስ ልቧ ይራራል። ይህ ሁሉ የተደነገገው ግን ጆሮ ላላት ሚስት ነው። ሀምዱ ሁለት ሽማግሌዎችን ለምኖ ነበር። "እየጮኽን ይቅርታ ብንጠይቅ ደጋን በሙሉ ጠብ መስሎት ዱላ ይዞ ይመጣል" ብለው እምቢ አሉት። እውነታቸውን ነው።

መላው የመጣው በበላቸው በኩል ነው። በላቸው ፒያሳ ላይ ሻይ ቤት ያለው፣ ከጎረምሳነት ጀምሮ የሀምዱ ወዳጅ የሆነ ክርስቲያን ነው፤ ነገር ካላሾፈ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሸክላ ማጫወቻውን ተሸክሞ መጣ። የማጫወቻው የቆርቆሮ ጥሩምባ ከመደርደሪያ ወድቆ ተጨረማምቷል።

"በእንጨት ሥራልኝ" አለ። "አዝማሪው ጉንፋን ይዞት ሰነበተ።"

ሀምዱ ከስስ የዋንዛ ጣውላ ጥሩምባ አበጀለት። ሸክላው ሲዞር ድምፁ ወጣ፤ ከሳ ያለ ድምፅ ነበር። የአሱር ሶላት ደረሰና ሀምዱ ሊታጠብ ሲነሣ፣ የመጋዝ ብናኝ እንዳይገባበት ብሎ የጥሩምባውን አፍ ወደ ቤቱ ማዕዘን አዙሮ አስቀመጠው። በላቸው ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም፤ መዘውሩን ጠምዝዞ ሸክላውን ለቀቀው።

ሀምዱ ጓሮ ሆኖ ክንዱን እየታጠበ ሳለ ከበሮ ሰማ። ሰርገኛ ግቢው የገባ መሰለው። ያን ለት ሶላቱን እንዴት እንደሰገደው አላህ ያውቃል። ጨርሶ ሮጦ ገባና ጥሩምባውን ከማዕዘኑ አወጣው፤ ድምፁ ከሳ። መለሰው፤ ወፈረ። አሁንም አወጣው፣ አሁንም መለሰው። ለካ ሁለት ግድግዳ ተገናኝቶ ወለል ሲጨመርበት ራሱን የቻለ ጥሩምባ ነው። እድሜ ልኩን ማዕዘን ሲገጥም ኖሮ ይህን አለማወቁ አናደደው።

ከዚያ ሐዋ ትዝ አለችው። መውሊድ ላይ ልጆች ሲጮኹ ዘወር ብላ አታይም፤ ድቤ ሲመታ ግን ቀና ትላለች። የወፈረ ድምፅ ይገባታል ማለት ነው። እሱ ደግሞ ሲጮህ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ አይወፍርም።

"ጥሩምባህን ውሰድ፣ እኔ ሌላ እሠራለሁ" አለው ለበላቸው።

"ለማን?"

"ለሐዋ። ሳልጮህ እንድትሰማኝ።"

በላቸው ሊያሾፍ አፉን ከፈተ፤ የወዳጁን ፊት አየና ዘጋው።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። የመጀመሪያው ጥሩምባ ቀጥ ያለ ነበር። ድምፅ እንዲወፍር ጥሩምባው መርዘም ነበረበት፤ ሀምዱ እያረዘመ እያረዘመ ሄዶ ጫፉ በበሩ ወጣ። ስለዚህ ሁለተኛውን አጠፈው፤ ረጅም መቀነት በሣጥን እንደሚታጠፍ፣ የድምፁን መንገድ ሣጥን ውስጥ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች አስኬደው። እሱ ደግሞ ድምፅ ሲገባበት ይርገበገብ ጀመር። በምስማር ስለመታው ጣውላው ሁሉ አብሮ ያወራ ነበር። ሦስተኛውን ያለ ምስማር፣ በቆዳ ሙጫ አጣብቆ፣ ስፌቱን ሁሉ በሰም ደፈነው።

ሲያልቅ ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ ሣጥን ሆነ። ከፊቱ ለጥ ያለ ነው። ተንበርክኮ የሚናገር ሰው አፍ በሚደርስበት ቦታ ላይ የስኒ አፍ የምታክል ቀዳዳ አለችው። ድምፁ በእሷ ይገባል፣ በታጠፈው መንገድ እየሰፋ ይሄዳል፣ በሣጥኑ ጀርባ ይወጣና ግድግዳውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጀርባው ማዕዘን ውስጥ ልክ እንዲገባ ተደርጎ ሾሏል። ሀምዱ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን አምጥቶ የገዛ ቤቱን ማዕዘን ሲለካው ጠማማ ሆኖ አገኘው፤ አፈረና በጭቃ አቃናው። ሣጥኑ ገጠመ።

በላቸው ለፈተና ተጠራ። ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ፣ በላዩ ላይ ነጠላ ጠምጥሞ፣ ክፍሉ ጥግ ተቀመጠ። ሀምዱ በቀዳዳዋ ቀስ ብሎ "በላቸው፣ የምትሸጠው ሻይ ውሃ ነው" አለ።

በላቸው ነጠላውን ፈታ። "ሰማሁህ" አለ። "ይህንን ለመናገር አምስት ሳምንት አያስፈልግህም ነበር።"

ቀሪው ነገር መሄድ ነው። ሐዋ ሳትታረቅ ቤቷ አትመለስም፤ ሳትሰማው አትታረቅም። ስለዚህ ሣጥኑ ወደ እሷ መሄድ ነበረበት። ስለ ሽማግሌው ቁጥር ሀምዱ ሲጨነቅ በላቸው "እኔ አንድ፣ አንተ ሁለት፣ ሣጥኑ ሦስት፤ ከሦስታችን ደግሞ አስተዋዩ እሱ ነው" አለው።

እስከ ኮምቦልቻ በጭነት መኪና ወረዱ። ከዚያ ግመል ተከራዩ። ሣጥኑ በአንድ ወገን ሲጫን ግመሉ እንዳያዘነብል በሌላው ወገን ለሐዋ ወንድም ስጦታ የሚሆን አንድ ጆንያ ማሽላ ጫኑበት። ሀምዱ መንገዱን ሁሉ ከግመሉ ጎን አልተለየም። ሙቀቱ ሰሙን እንዳያቀልጠው የገዛ ጋቢውን ሣጥኑ ላይ አልብሶ፣ በየጊዜው እየነካካ ሄደ።

ጀላል የሐዋ ታላቅ ወንድም ነው። ኮስታራ፣ ቃሉን የሚቆጥብ ገበሬ ነው፤ እህቱ ቋጠሮ ይዛ በሩ ላይ ከቆመች ጀምሮ ደግሞ ይብስ ኮስትሯል። ሰላምታቸውን ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበለ። ሐዋ ከኋላው ቆማ ነበር። ግመሉ ተንበረከከ፣ ጋቢው ተገለጠ፣ ሣጥኑ ወረደ።

ሐዋ ሣጥኑን አየችው። ባል የሚስቱን ዕቃ በሣጥን ጭኖ፣ ወዳጁን ምስክር አድርጎ ሲመጣ፣ ሴት ሌላ ምን ታስባለች?

"ዕቃዬን አመጣህልኝ?" አለች።  "ደግ አደረግህ። ከውስጥ አስቀምጠው።" ከዚያ ዞራ ገባችና ጓዳው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

ሀምዱ ጩኸቱ ጉሮሮው ድረስ መጣበት። አይደለም፣ ፍቺ አይደለም ብሎ አንዴ ቢጮህ አንድ ቃል እንኳ ትይዝለት ይሆናል። ግን ያን ፊት ዳግመኛ ሊያሳያት ነው፤ መሐላም አለበት። ጩኸቱን ዋጠው። ቶሎ ሣጥኑን አስገብቶ ማዕዘን ውስጥ ማቆም ነው፣ አለ በልቡ። ከበላቸው ጋር ተሸክመው ገቡና ሀምዱ በዓይኑ ማዕዘን ፈለገ።

ቤቱ ክብ ነው።

ግድግዳው ከበሩ ይነሣና ዞሮ ዞሮ በሩ ላይ ይገጥማል። ሀምዱ ራሱ ክብ ቤት ተወልዶ፣ ክብ ቤት አድጎ፣ ሐዋን ያገባትም በዚሁ በጀላል ክብ ቤት ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ደሴ ተቀምጦ የቆርቆሮ ቤት ሲገጥም፣ ሰው ሁሉ ባለ ማዕዘን ቤት ውስጥ የሚኖር መስሎት ቀረ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሁሉን ሲለካ፣ ይህን አልለካም። ሣጥኑን እንደያዘ ባለበት ቆሞ ቀረ።

"ምን ጠፋህ?" አለው ጀላል።

"ማዕዘን" አለ ሀምዱ።

በላቸው ሊስቅ ሲል የነጠላውን ጫፍ ነከሰ። እንደምንም ሣጥኑን ግድግዳው ላይ አስጠጉት። ሾጣጣው ጀርባው ግድግዳውን በአንድ ጣት ያህል ብቻ ነካ፤ ግራና ቀኙ ባዶ ነው። ሀምዱ ተንበረከከና በቀዳዳዋ "ሐዋ" አለ። ድምፁ ተበትኖ ጣሪያው ሥር ጠፋ። ሐዋ እጆቿን እያየች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ሰውዬ፣ ልትታረቅ ነው የመጣኸው ወይስ ቤቴን ልትለካ?" አለ ጀላል።

ሀምዱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሐዋ ከተቀመጠችበት አየችው፤ ጥፋቱን ያወቀ ሰው መሰላት፣ እሷም ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ሀምዱ የእውነት ፈራ። ዛሬ ካልሰማችው ሣጥኑን ፍቺ ነው ብላ ትቀራለች፤ እሱም ወደዚያ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ብቻውን ይመለሳል። ወደ ውጭ ተመለከተ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከወፍራም ዋንዛ የተሠራ፣ ሁለት ተከፋች በር ነው።

ብድግ አለ። "አያ ጀላል፣ በርዎን ያውሱኝ" አለ።

"በሬን?"

"ለጥቂት ጊዜ ነው። መልሼ እገጥመዋለሁ።"

ጀላል እንግዳ ብዙ ነገር ሲለምን አይቷል፤ በር የለመነው ግን አልነበረም። እምቢ ለማለትም ልማድ የለውምና ከደጃፉ ፈቀቅ አለ። ሀምዱ ሁለቱን ሳንቃዎች ከመቆሚያቸው ነቅሎ አወጣቸው። ቤቱ መሐል አቆማቸውና ጫፍና ጫፋቸውን አጋጠመ፤ ስኳድራውን ከከረጢቱ አውጥቶ አቃናቸው። አንዱን ሳንቃ በላቸው በጀርባው ደገፈው።

"ሌላውን እርስዎ" አለ ሀምዱ።

ጀላል ወደ እህቱ አየ፣ ወደ አማቹ አየ። ከዚያ አጉረመረመና ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ሀምዱ መጋጠሚያውን በጋቢው ጠቀጠቀና ሣጥኑን ገፋው። ገጠመ። ከደጅ ጎረቤቶች መሰብሰብ ጀምረዋል፤ በር በሌለበት ቤት ማን ከልክሏቸው።

ሀምዱ ለሐዋ ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከ። አፉን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋ።

"ሐዋ" አለ። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ቤት ውስጥ ሲሆኑ በሚጠራሩበት ድምፅ ነው ያለው።

ሐዋ ቀና አለች። ጣሪያውን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ደጅ የቆሙትን አየች።

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ።" ሀምዱ ከዚያ በኋላ ሊል ያሰበው ብዙ ነበር፤ ግመሉ ጎን ሲሄድ ሁሉንም በሐረግ በሐረግ አዘጋጅቶት ነበር። ሁሉም ጠፋበት። "ምሳ በላሽ?" አለ።

በላቸው ኋላ ፒያሳ ላይ ሲያወራ "ይህን ሁሉ እንጨት አስጎትቶኝ፣ በር አሸክሞኝ፣ ምሳ በላሽ ወይ አላት" እያለ ሰውን በሳቅ ይገድል ነበር። ያን ጊዜ ግን አልሳቀም። ሐዋ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

"ሣጥኑ ያንቺ ዕቃ አይደለም" አለ ሀምዱ። "ፍቺም አይደለም። እንድትሰሚኝ ነው የሠራሁት። ተቆጥቼሽ አላውቅም፣ ሐዋ። ስጮህ ፊቴ እንደዚያ እንደሚሆን አላወቅሁም ነበር። በመስታወት አየሁት፤ እኔም ፈራሁት። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ከሄድሽ ወዲህ ምሳ ከድኖ የሚጠብቀኝ የለም፤ ብቻዬን ስበላ እህል አይወርድልኝም።"

ጀላል በሩን በጀርባው እንደደገፈ አንድ በአንድ ይሰማ ነበር። በእድሜው ለሚስቱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም፤ ወንድ ልጅ ሲናገርም ሰምቶ አያውቅም። ወዴት እንደሚያይ ስለጠፋው የጣሪያውን ማገር ይቆጥር ጀመር።

ሐዋ ተነሣች። ድምፁን እየተከተለች መጥታ ሣጥኑና በሩ በሚገናኙበት ጎን ተቀመጠች። ጆሮዋን ሳንቃው ላይ አስጠጋች። ከዚያ ቦታ የባሏ ፊት ከጎን ይታያል።

"እስቲ ድገመው" አለች።

ደገመው። ሐዋ ዓይኗን አልነቀለችም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የአንገቱ ሥር አልተገተረም፣ ቅንድቡም በቦታው ነው። ቃሉና ፊቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ገና አሁን አንድ ላይ መጡላት።

ተናግሮ እስኪጨርስ ጆሮዋን ከሳንቃው አላነሣችም። 

"ሀምዱ" አለች፣ "ድምፅህ አርጅቷል።"

 ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛ የቆየችው የድሮውን ድምፁን ነበር፤ ይህኛው እሷ ሳትሰማው ብቻውን ሸምግሏል። ሐዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እጇን ዘርግታ ፂሙ ላይ የተጣበቀውን ሰም በጣቷ አነሣችለት፤ ሰው ሁሉ እያያት ነው ያደረገችው።

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"አያ ጀላል፣ በርዎን ይመልሱት" አለች። "እኛ ቤት ማዕዘን አለ።"